ዲጂታል የጎማ ጌጅ ከማመን በፊት፦ አዳማ ላይ እንዴት ይፈተሻል?

ዲጂታል ጌጅ፣ ማለትም የጎማ ንፋስ ግፊት በቁጥር የሚያሳየው መለኪያ፣ አንድ መጥፎ ጠባይ አለው፤ ሲሳሳትም በልበ ሙሉነት ነው። ስክሪኑ ላይ 32.5 ብሎ ሲያወጣ ነጥብ አምስቷን ሳይቀር ቆጥሮ ያመጣት ይመስላል። ባለ መርፌው ጌጅ ሲወድቅ ቢያንስ መስታወቱ ይሰነጠቃል፣ መርፌው ከዜሮ ይንሸራተታል፤ በሽታው በዓይን ይታያል። ዲጂታሉ ግን ሦስት ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት የሚለካበት አሃድ ነው) እያጎደለም ቁጥሩ ጥርት ያለ ነው። ስለዚህ አዲስ ጌጅ ከካርቶኑ ሲወጣ መጀመሪያ የሚለካው ጎማው ሳይሆን ራሱ ጌጁ ነው። አንድ ማለዳ ይበቃል። የሚያስፈልገው አንድ ስኮርታ፣ አንድ ሌላ ጌጅ፣ ከተቻለም ጥቂት ሜትር ግልጽ የላስቲክ ቱቦ ነው።

ስትገዙ

መርካቶ ተገዝቶ ቢመጣም፣ አዳማ ከመለዋወጫ ሱቅ ቢወሰድም፣ መጀመሪያ የሚታየው ካርቶኑ ላይ የተጻፈው የልኬት ጣሪያ ነው። ለቤት መኪና እስከ 60 ወይም እስከ 100 ፒኤስአይ የሚለካ ይበቃል። እስከ 150 ወይም 200 የሚደርሰው የሚያስፈልገው ለአይሱዙ፣ ለሲኖትራክና ለአውቶቡስ ነው፤ ከተማዋን አቋርጦ ጅቡቲ የሚመላለስ ከባድ መኪና ጎማው 100 ፒኤስአይና ከዚያም በላይ ይይዛል።

«ትልቁን ብገዛ ሁሉንም ይለካልኛል» የሚለው ሐሳብ ግን ዋጋ ያስከፍላል። አምራቾች ብዙውን ጊዜ የስህተቱን መጠን የሚጽፉት ከጣሪያው በመቶኛ አስልተው ነው። እስከ 150 የሚለካ ጌጅ ስህተቱ 1 በመቶ ነው ከተባለ፣ የትም ቦታ ላይ እስከ 1.5 ፒኤስአይ ሊስት ይችላል ማለት ነው። 32 ፒኤስአይ የያዘ የቪትዝ ጎማ ላይ ሲደርስ ያ 1 በመቶ ወደ 5 በመቶ ተጠግቷል። እስከ 60 የሚለካው በዚያው 1 በመቶ የሚስተው 0.6 ብቻ ነው። በተቃራኒው የ60ውን ጌጅ ሲኖትራክ ቫልቭ ላይ መጫን ሴንሰሩን መግደል ነው። የቤት መኪናም የጭነት መኪናም ያለው ሰው ሁለት ጌጅ ቢይዝ ይሻለዋል።

ከነጥብ በኋላ ያለችው ቁጥር አታታልላችሁ። በ0.1 መቁጠርና በ0.1 ትክክል መሆን ለየቅል ናቸው። በ0.5 የሚቆጥር ታማኝ ጌጅ በ0.1 ከሚቆጥር ቀጣፊ ይበልጣል።

ከዚያ የጌጁን አፍ ወደ ብርሃን አዙራችሁ ውስጡን ተመልከቱ። ጥቁር የላስቲክ ቀለበት አለ፤ መሐሉ ላይ የቫልቩን መርፌ የምትገፋ ትንሽ ዘንግ ትታያለች። ቀለበቱ ሙሉና ለስላሳ፣ ዘንጓም ቀጥ ብላ መሐል ላይ መሆን አለባት። ርካሽ ጌጆች ላይ ቀለበቱ በአንድ ወገን ተነሥቶ ወይም ደርቆ ይገኛል። እንዲህ ያለው ጌጅ ሴንሰሩ ምንም ጥሩ ቢሆን ቫልቩን አይዘጋውም፤ ንፋሱ በጎኑ እያመለጠ ሁልጊዜ አጉድሎ ያነባል።

ዜሮው እውነተኛ ዜሮ ነው?

ጌጁን ከቫልቭ አርቃችሁ በነጻ አየር ላይ አብሩት። 0.0 ማለት አለበት። 0.5 ወይም ከዚያ በላይ ካሳየ አጥፍታችሁ እንደገና አብሩት፤ ያው ከሆነ ወደ ሱቁ ይመለስ።

ሁልጊዜ መጀመሪያ ማብራት፣ ቀጥሎ መግጠም። ቅደም ተከተሉ ትርጉም አለው፤ አንዳንድ ጌጆች ሲበሩ በዚያች ቅጽበት አፋቸው ላይ ያገኙትን ግፊት ዜሮ ብለው ይይዛሉ። ቫልቭ ላይ ተገጥሞ የበራ ጌጅ የጎማውን 30 ፒኤስአይ እንደ ባዶ ቆጥሮ ተነሣ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚሰጠው ቁጥር ሁሉ ትርጉም የለውም። «አዲሱ ጌጅ ዜሮ ብቻ ነው የሚያሳየው» ብሎ ሊመልሰው ሱቅ ከሚሄደው ሰው ውስጥ ቀላል የማይባለው ጥፋቱ ይኸው ነው።

ሌላው ወጥመድ ደጋ ወይም ከፍ ያለ ቦታ ላይ ለሚኖር ሰው ነው የሚመለከተው፤ አዳማም ቆላ ብትመስል ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ናት። በባሕር ወለል ላይ የከባቢ አየር ግፊት 14.7 ፒኤስአይ ነው፤ አዳማ ላይ 12 ገደማ ይሆናል። ሴንሰሩ ፋብሪካ ውስጥ በባሕር ወለል ግፊት ታሽጎ፣ ሲበራም ራሱን ዜሮ የማያደርግ ጌጅ እዚህ ሲመጣ በነጻ አየር ላይ ማሳየት የነበረበት ከዜሮ በታች 2.7 ነው። ስክሪኑ ግን ከዜሮ በታች መጻፍ ካልተሠራለት 0.0 ብሎ ዝም ይላል። ጎማ ላይ ሲገጠም ግን ያችን 2.7 ያጎድላታል። ባለቤቱ 32 ሞላሁ ሲል ጎማው ውስጥ 34.7 አለ። ስለዚህ በነጻ አየር ላይ ዜሮ ማለቱ ጥሩ ምልክት ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም። ማስረጃው ከታች የምናየው ውኃ ነው።

አንዱን ጎማ አምስት ጊዜ

ከሌሊት ጀምሮ የቆመ፣ ፀሐይ ያልነካው ጎማ ምረጡ። የቫልቩን ክዳን ፍቱና አፉን በጨርቅ ጥረጉ፤ የአዳማ አቧራ ጌጁ ውስጥ ከገባ ቀለበቱን ይበላዋል። ጌጁን አብሩ፣ ከቫልቩ ጋር ቀጥ አድርጋችሁ በአንድ ጊዜ ጫን አድርጉት። ሲገባ አጭር «ፍስ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ከዚያ ጸጥ ማለት አለበት። ፍስታው ከቀጠለ ጌጁ ጋድሏልና ያ ንባብ አይቆጠርም። ቁጥሩ ሲረጋ ጻፉት፣ ንቀሉት፣ ስክሪኑ ዜሮ እስኪል ጠብቁና ድገሙ። አንዳንድ ጌጅ የመጨረሻውን ቁጥር ይዞ ይቆያል፤ ሳይጸዳ ከተደገመ የምታነቡት የቀደመውን ነው።

33.0፣ 33.0፣ 32.8፣ 32.8፣ 32.6 ካመጣ ጌጁ ደህና ነው። እያንዳንዱ ልኬት ከመኪና ጎማ ላይ 0.1 ወይም 0.2 ያህል ንፋስ ይወስዳል፤ ቀስ እያለ በአንድ አቅጣጫ መውረዱ የንፋሱ መሄድ ነው። 33.0፣ 31.2፣ 33.1፣ 30.6 እያለ የሚዋልል ከሆነ ግን እጃችሁ ወይም ቀለበቱ ነው። አያያዛችሁን አስተካክላችሁ አምስቱን ድገሙ። አሁንም በከፍተኛውና በዝቅተኛው መሐል ከ0.5 በላይ ልዩነት ካለ ያ ጌጅ አይጠቅምም። ሁልጊዜ ሁለት የሚያጎድል ጌጅ ሁለት ተደምሮለት ይሠራበታል፤ የሚዋልለውን ግን በምንም አታርሙትም።

ዋዠቅ ያለ ቁጥር ከባትሪም ይመጣል። አብዛኞቹ ጌጆች የሚሠሩት ሲአር 2032 በሚባለው ባለ 3 ቮልት ዝርግ ባትሪ ወይም በኤልአር 44 ትንንሽ ባትሪዎች ነው። በመልቲሜትር ሲለካ ከ2.7 ቮልት በታች የወረደ 2032 ይቀየር። ሱቅ ውስጥ ብዙ ጊዜ ከተቀመጠ ጌጅ ጋር የሚመጣ ባትሪ ገና ከካርቶኑ ሲወጣ የደከመ ሊሆን ይችላል።

ከሌላ ጌጅ ጋር ማስተያየት

ለዚህ የሚመቸው ስኮርታው ነው። ክብደት አልተሸከመም፣ ጥላ ውስጥ ነው የሚያድረው፣ ንፋሱን ብታወጡና ብትሞሉ መኪናው ላይ የሚያመጣው ነገር የለም። (ቀጭኗ ጊዜያዊ ስኮርታ ለብቻዋ ናት፤ የምትፈልገው ብዙውን ጊዜ 60 ፒኤስአይ ነው።) ጎሚስታ ዘንድ ውሰዱትና 40 አስሞሉት፤ ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ጣሪያ ከዚያ በላይ መሆኑን አስቀድማችሁ እዩ። ከዚያ በአዲሱ ጌጅና በማነጻጸሪያው ተራ በተራ ለኩ። ወደ 32 አውርዱ፣ ለኩ። ወደ 24 አውርዱ፣ ለኩ። በእያንዳንዱ ደረጃ ከመለካታችሁ በፊት አምስት ደቂቃ ያህል ጠብቁ፤ ንፋስ ሲሞላ ይሞቃል፣ በፍጥነት ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ ወዲያው የተነበበ ቁጥር ከደቂቃዎች በኋላ ሌላ ነው።

የማነጻጸሪያው ጉዳይ ራስ ምታት ነው። ጎሚስታው መሙያ ሽጉጥ ላይ ያለው ጌጅ በቀን ስንት ጊዜ አስፋልት ላይ እንደሚወረወር ያየ ሰው በእሱ ፍርድ አይሰጥም። በዚያ ላይ ሽጉጡ ምላጩ ተስቦ ንፋስ እየሄደ ሳለ የሚያሳየው የቱቦውን ግፊት ነው፤ የጎማው ግፊት የሚታወቀው ምላጩ ተለቅቆ መርፌው ሲረጋ ነው። ይህን የማይጠብቅ ሞይ ሁልጊዜ አጉድሎ ይሰዳችኋል። ሦስት የተለያዩ ጌጆች ካገኛችሁ በሦስቱም ለክታችሁ መካከለኛውን ቁጥር ውሰዱ፤ አማካይ አታውጡ፣ አንዱ የተበላሸ ከሆነ አማካዩን ይጎትተዋልና። ጋራዥ ወይም የትራንስፖርት ድርጅት ከሆናችሁ አንድ ጥሩ ጌጅ አዲስ አበባ ልካችሁ በኢትዮጵያ ሥነ ልክ ኢንስቲትዩት ካሊብሬት ማስደረግ (ከታመነ መለኪያ ጋር ማስተያየት) እና እሱን ለማነጻጸሪያ ብቻ ሳጥን ውስጥ ማስቀመጥ ያዋጣል። ለአንድ የቤት መኪና ግን ያን ያህል መንገድ አያስኬድም።

ዳሽቦርዱ ላይ የየጎማውን ግፊት በቁጥር የሚያሳይ መኪና ያላችሁ ሰዎች «መኪናው ራሱ ይነግረኛል» ትሉ ይሆናል። በተለይ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከተከለከለበት ከ2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ የበዙት የኤሌክትሪክ መኪናዎች ብዙዎቹ ይህ አላቸው። የመኪናውን ቁጥር ለማነጻጸሪያ አትያዙት። አንዳንዱ የጎማ ውስጥ ሴንሰር አጠቃላይ ግፊትን፣ ማለትም የጎማውንና የከባቢ አየሩን ድምር፣ ለክቶ የባሕር ወለሉን 14.7 ይቀንሳል። ጎማው ውስጥ በእውነት 36 ካለ፣ የአዳማው 12 ሲደመር 48 ይሆናል፤ 14.7 ሲቀነስ ዳሽቦርዱ 33 ይላል። እጃችሁ ላይ ያለው ጌጅ 36፣ ዳሽቦርዱ 33 ካለ ጌጁን ለመጣል አትቸኩሉ።

ውኃው አይዋሽም

ጌጅ በጌጅ ሲመዘን ሁለቱም ሊሳሳቱ ይችላሉ። የውኃ ክብደት ግን አይለዋወጥም፦ አንድ ሜትር ቁመት ያለው ውኃ 1.41 ፒኤስአይ ይጫናል። አምስት ሜትር 7.1፣ አሥር ሜትር 14.1። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚኖር ሰው ለዚህ የሚያስፈልገው ፎቅ ከደጁ አለለት።

ግንበኞች ውኃ ልክ የሚይዙበትን ዓይነት ግልጽ ቱቦ፣ ውስጡ 8 ሚሊ ሜትር የሆነውን፣ 15 ሜትር ያዙ። ጎሚስታ ዘንድ ከተጣለ የሞተር ሳይክል የውስጥ ጎማ ላይ ብረት ቫልቩን ከነመርፌው አስቆርጡ፤ ዙሪያው ላይ ያለው ላስቲክ ተልጦ ይነሣ። የቱቦውን አንድ ጫፍ አራተኛ ፎቅ ላይ ባልዲ ውኃ ውስጥ ንከሩና ከታች በአፍ ሳቡት። ውኃው አረፋ ሳይኖረው መፍሰስ ሲጀምር የታችኛውን ጫፍ ወደ ላይ አጥፉት፣ በ«ዩ» ቅርጽ ማለት ነው። ከዕጥፋቱ በላይ ያለው ክንድ 2 ሜትር ያህል ይሁንና ውስጡ ያለው ውኃ ይፍሰስ፤ እዚህ ክንድ ውስጥ አየር እንዲቀር ነው የምንፈልገው። ይህን ስታደርጉ ቱቦውን ከዕጥፋቱ በፊት፣ በባልዲው በኩል፣ በፒንሳ ቆንጥጣችሁ ብትይዙት ውኃው አያስቸግራችሁም። ቫልቩን ጫፉ ላይ ሰክታችሁ በፋሸታ አጥብቁና ፒንሳውን ልቀቁ። ውኃው ወደ ክንዱ ወጣ ብሎ አየሩን ጨምቆ ይቆማል። ጌጁ የሚነካው ያንን አየር ነው፤ ውኃ ጌጅ ውስጥ መግባት የለበትም።

አሁን ጌጁን አብሩና ቫልቩ ላይ ጫኑት። የምትለኩት ቁመት በላይኛው ባልዲ የውኃ ገጽና በታችኛው ክንድ የውኃ ገጽ መካከል ያለውን ቀጥ ያለ ርቀት ነው እንጂ የቱቦውን ርዝመት አይደለም። ሜትር ከፎቁ ወደ ታች ማውረድ ነው። ንባቡ በተደጋገመ ቁጥር አየሩ እያነሰ ውኃው ወደ ቫልቩ ይጠጋል፤ አንድ ስንዝር ሲቀረው አቁሙ፣ ውኃውን ቀንሱና እንደገና ጀምሩ። ባልዲውን ወደ ሁለተኛ ፎቅ አውርዳችሁ በ5 ሜትር ላይም ለኩ።

ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ላይ ሲታዩ ብዙ ይናገራሉ። በ5 ሜትር 7.1፣ በ10 ሜትር 14.1 ወይም እዚያው አካባቢ ካለ ጨርሳችኋል። በ5 ሜትር 4.4፣ በ10 ሜትር 11.4 ካለ በሁለቱም ላይ እኩል 2.7 ጎድሏል፤ ይህ ከላይ ያልነው የባሕር ወለል ጌጅ ነው፤ አዳማ እስካለ ድረስ 2.7 ይደመርለታል፣ ወደ ሌላ ከፍታ ሲሄድ ግን ልዩነቱም ይቀየራል። በ5 ሜትር 7.5፣ በ10 ሜትር 15 ካለ ደግሞ ስህተቱ ከግፊቱ ጋር እያደገ የሚሄድ ነው፤ በ6 በመቶ ያጋንናል። 32 ላይ ሲደርስ 34 ይላል ማለት ነው። በ5 ሜትር ምንም ካላሳየ ከመደንገጣችሁ በፊት መመሪያውን እዩ፤ ከተወሰነ ግፊት በታች ከነአካቴው የማያነቡ ጌጆች አሉ።

ይህ ሙከራ 32 ፒኤስአይ ድረስ አያደርስም፤ ለዚያ ከ22 ሜትር በላይ ፎቅ ያስፈልጋል። የስህተቱን ዓይነት ግን ይለያል፤ ከስኮርታው ንባቦች ጋር ሲቀናጅ የቀረው ጥርጣሬ ጥቂት ነው።

ወደ ጎማው

የሚሞላው መጠን የሚገኘው ጎማው ጎን ላይ አይደለም። እዚያ ላይ ያለው 44 ወይም 51 ጎማው የሚችለው ጣሪያ ነው፤ እሱን አይቶ የሚያስሞላ ሰው መኪናውን እንደ ኳስ ያስነጥራል፣ የጎማውም መሐል ቶሎ ያልቃል። ትክክለኛው ቁጥር የሾፌሩ በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ነው፣ አንዳንዱ መኪና ላይ የነዳጅ ክዳኑ ውስጥ። መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ መኪና ከሆነ ወረቀቱን በተሳፋሪው በኩል ፈልጉት። የጃፓን መኪና ወረቀት በኪሎፓስካል ስለሚጽፍ ብዙ ሰው ግራ ይጋባል፦ 220 ማለት 32 ፒኤስአይ፣ 230 ማለት 33፣ 240 ማለት 35፣ 250 ማለት 36 ነው። ጌጁም አንድ ቁልፍ በስህተት ሲነካ ከፒኤስአይ ወደ ባር፣ ወደ ሌላ የግፊት አሃድ፣ ይዘላል፤ 2.2 ካለ ጎማው አልተነፈሰም፣ 32 ነው።

የወረቀቱ ቁጥር ለቀዝቃዛ ጎማ ነው። ቀዝቃዛ ማለት መኪናው ቢያንስ ለ3 ሰዓት የቆመ፣ ወይም ከ2 ኪሎ ሜትር ያልበለጠ የተነዳ ማለት ነው። አዳማ ላይ ይህ ማለት በተግባር ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል ነው፤ ፀሐይዋ ከወጣች በኋላ በምሥራቅ በኩል ያሉት ሁለቱ ጎማዎች ከሌሎቹ 2 ወይም 3 ፒኤስአይ በልጠው ይነበባሉ፣ ሰውየውም «እነዚህ በዝተዋል» ብሎ ያስተነፍሳቸዋል። በየ10 ዲግሪ ሴልሺየሱ የሙቀት ለውጥ 32 የያዘ ጎማ 1.5 ፒኤስአይ ያህል ይወጣል ወይም ይወርዳል። በግንቦት ቀትር 32 የተሞላ ጎማ በታኅሣሥ ማለዳ 29 ቢያሳይ ጌጁም አልተሳሳተ፣ ጎማውም አልተበሳ።

ለአዲስ–አዳማ የፍጥነት መንገድ መሙላት ያለባችሁ ከመነሣታችሁ በፊት፣ በዚያው ማለዳ ነው። በ120 ተነድቶ ቱሉ ዲምቱ የደረሰ ጎማ ሲለካ ከ4 እስከ 6 ፒኤስአይ ጨምሮ ይገኛል፤ በዚያ ላይ አዲስ አበባ በ700 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል ከሙቀቱ ሌላ 1 ፒኤስአይ ያህል ይጨምራል። ይህ ጭማሪ የታሰበበት ነው፤ አይተነፍስ። የተነፈሰ ጎማ ማታ አዳማ ሲመለስና ሲቀዘቅዝ ከሚገባው በታች ይሆናል። ጎኑ ይበልጥ እየታጠፈ ይሞቃል፤ በፍጥነት መንገድ ላይ ጎማ የሚያፈነዳው ደግሞ በአብዛኛው ያ ሙቀት ነው። ወደ መተሐራ ስትወርዱ ነገሩ ይገለበጣል፦ ከፍታው ስለሚቀንስ 1 ፒኤስአይ ያህል ይጎድላል፣ ግን የመተሐራ ሙቀት ብዙውን ጊዜ ከዚያ በላይ አድርጎ ይመልሰዋል። በሞቀ ጎማ መሙላት ግድ ከሆነ ከወረቀቱ 4 ፒኤስአይ ጨምራችሁ ሙሉና በማግሥቱ ማለዳ አስተካክሉ።

ስትሞሉ ከሚፈለገው 2 አሳልፋችሁ ሙሉ፣ ከዚያ በጌጃችሁ እየለካችሁ ቀንሱ። ጌጁን ከነቀላችሁ በኋላ ጎሚስታዎች እንደሚያደርጉት ጣታችሁን በምራቅ አርሳችሁ ቫልቩ አፍ ላይ ቀቡ። አረፋ ከሠራ የቫልቩ መርፌ በትክክል አልተቀመጠም፤ ጫን አድርጎ መልቀቅ ብዙውን ጊዜ ይመልሰዋል፣ ካልሆነ መርፌው ይጠበቅ ወይም ይቀየር። ክዳኑን መመለስ አትርሱ፤ አቧራ ከቫልቩ የሚከለክለው እሱ ነው።

ደህና ጎማ በወር 1 ወይም 2 ፒኤስአይ በራሱ ያጣል። በሳምንት 3 የሚያጣ ጎማ ግን ምስማር ወይም የግራር እሾህ ይዟል፤ ጌጃችሁ ታማኝ መሆኑን ካወቃችሁ ይህን በቁጥር ትይዙታላችሁ፣ ጎማው በዓይን እስኪጎብጥ አትጠብቁም።

ባጃጅና ባለ ጥንድ ጎማዎች

የባጃጅ ጎማ፣ 4.00-8 የሚባለው፣ የሚይዘው ንፋስ ጥቂት ስለሆነ አንዲት «ፍስ» ብዙ ትወስድበታለች። አምስት ጊዜ መለካት እዚህ አይሠራም፤ አምስተኛው ላይ ጎማው በእውነትም ጎድሏል። አንድ ጊዜ በደንብ ለኩ። ቫልቩም ቸርኬው ውስጥ ጠባብ ቦታ ላይ ስለሚገኝ አንገተ ቀጥ ጌጅ አይገባም፤ ጫፉ የታጠፈ ወይም በአጭር ቱቦ የሚገጠም ግዙ። የአይሱዙ የኋላ ጥንድ ጎማም የውስጠኛው ቫልቭ በውጨኛው ቸርኬ ቀዳዳ በኩል ነው የሚደረሰው፤ ረጅም አንገትና ወደ ኋላም ወደ ፊትም የሚገጥም አፍ ያለው ጌጅ ከሌለ ሾፌሩ የውጨኛውን ብቻ ለክቶ ይሄዳል። የውስጠኛው ሲጎድል ጭነቱን ሁሉ የሚሸከመው የውጨኛው ነው፤ ወድቆ የሚገኘውም እሱ ይሆናል።

አቀማመጥ

ጌጁን ዳሽቦርድ ላይ አትተዉት። የአዳማ ፀሐይ በተዘጋ መኪና ውስጥ ዳሽቦርዱን ጌጁ ከሚችለው በላይ ያሞቀዋል፤ አብዛኞቹ የተሠሩት እስከ 50 ዲግሪ ሴልሺየስ ድረስ ነው። ከዚያ በላይ ስክሪኑ ይጠቁራል፣ ባትሪው ያብጣል፣ ሴንሰሩም ዜሮውን ይስታል። ጨርቅ ከረጢት ውስጥ ሆኖ ከመቀመጫ ሥር ይቀመጥ። ሞቆ የተገኘ ጌጅ ጥላ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ሳይቆይ አይለካበት።

በመጨረሻ ጀርባው ላይ የወረቀት ፕላስተር ለጥፉና በእስክሪብቶ ሦስት ነገር ጻፉ፦ ከፈተናው የተገኘውን እርማት («አዳማ፣ +0.8» ብላችሁ)፣ የተፈተነበትን ቀን፣ ባትሪው የተቀየረበትን ቀን። ጌጁ አስፋልት ላይ ከወደቀ እርማቱን ሰርዙት፤ ዜሮውንና ስኮርታውን ደግማችሁ ከለካችሁ በኋላ አዲሱን ጻፉ።